የጭልፊቱ ጌታና የውሻው ጌታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አደን ነው። አደን ስንል ጠመንጃ አንግቶ ዱር የሚገባውን ሰው ማለታችን አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) የፈጠረውን አዳኝ እንስሳ አሠልጥኖ፣ ቢስሚላህ ብሎ ልኮ፣ ያመጣለትን ይዞ ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰውን ሰው ማለታችን ነው። በዐረቡ ምድር ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ በክንዱ ላይ ጭልፊት ያስቀመጠ ነው። በእኛው በጅግጅጋ ዙሪያ ደግሞ ውሻ ያስከተለና ቀስት የያዘ ነበር። ሁለቱም የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ የተሰጣቸው ስም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለምን?

ከጭልፊቱ እንጀምር። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦች በድሮ ጊዜ ጭልፊቶች ብርዱን ሽሽት ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚፈልሱበት ወራት ጠብቀው በወጥመድ ይይዟቸው ነበር። የተያዘችው ወፍ (በጭልፊት ወገን ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለችና አዳኞች አብዝተው የሚፈልጉት እርሷን ነው) መጀመሪያ ዓይኗ ቡርቁዕ በሚባል የቆዳ ቆብ ይሸፈናል። ያላየችው ነገር አያስደነግጣትምና በጨለማው ውስጥ ትረጋጋለች። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ክንዱን በወፍራም ጨርቅ ወይም በቆዳ ሸፍኖ ቀንም ሌሊትም ይዟት ይቀመጣል። ቡና በሚጠጣበት መጅሊስ፣ ሰው በሚያወጋበት፣ ልጆች በሚንጫጩበት መካከል ይዟት ይውላል። ስም ያወጣላታል፤ ሥጋ ባጎረሳት ቁጥር በዚያ ስም ይጠራታል። ረኀቧን መለካት ትልቁ ጥበብ ነው፤ ከጠገበች ትታው ትሄዳለች፣ ከደከመች ደግሞ መብረር ያቅታታል። ቀጥሎ በረጅም ክር ታስራ ከአጭር ርቀት ትጠራለች፤ ርቀቱ በየቀኑ ይጨምራል። በመጨረሻ አንድ ቀን ክሩ ይፈታል።

ጭልፊት ተደብድባ አትሠለጥንም። የመታትን ሰው ፈጽሞ አታምነውም። ክሩ ከተፈታላት በኋላ ሰማዩ ሁሉ የእርሷ ነው፤ የምትመለሰው ከዚያ ሰው እጅ ክፉ ነገር ስላላየች ብቻ ነው። ልጅ የምናሳድግና የምናስተምር ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ልንል እንችል ነበር፤ ለዛሬው ግን እንለፈው። ካደኑባት በኋላ የበጋው ሙቀት ሳይመጣ ብዙዎቹ ወደ መጣችበት ይለቋት ነበር።

በዚህ ሥራ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ጥሩ ብንባል ከሁሉ አስቀድመን የምንጠራው ሙርሺድ ኢብን ዐሊይን ነው። በሻም ምድር፣ በዓሲ ወንዝ ዳር ባለችው የሸይዘር አምባ፣ በመስቀል ጦርነቶች ዘመን የኖረ ሰው ነው። የምናውቀው በልጁ በኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ ትዝታ ነው። ኡሳማ እ.ኤ.አ. ከ1095 እስከ 1188 የኖረ ጦረኛና ጸሐፊ ሲሆን፣ በእርጅናው ዘመን «ኪታቡል ኢዕቲባር» የተባለውን የትዝታ መጽሐፉን አዘጋጀ። የመጽሐፉን መጨረሻ ያዋለው ለአደን ነው፤ እዚያም ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው አባቱ ነው።

ሙርሺድ የሸይዘር ገዥነት በእጁ ሊገባ ሲል አልፈልግም ብሎ ለታናሽ ወንድሙ የተወ ሰው ነው። ልጁ እንደሚነግረን በሕይወቱ ውስጥ ሦስት ሥራ ብቻ ነበረው፦ ከጠላት ጋር መዋጋት፣ ማደንና የአላህን ቃል በእጁ መገልበጥ። ሲሞት ከ40 በላይ በእጁ የጻፋቸው የቁርኣን ቅጂዎች ተገኝተዋል። ጭልፊትና አዳኝ ውሻ እንዲያመጡለት ሰዎቹን እስከ ቁስጥንጥንያ ድረስ ይልክ ነበር። ፈረሰኛው፣ አሠልጣኙ፣ ውሻ ጎታቹ በየተራው ተሰልፈው ሲወጡ የነበረውን ሥርዓት ኡሳማ ከስድሳና ሰባ ዓመት በኋላ እንኳ አልረሳውም።

ከወፎቹ ሁሉ የከበረው አል-የሕሹር የሚባለው ነበር። እነዚህ ሰዎች ቤት 13 ዓመት ኖሯል፤ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ተቆጠረ። የሐማው ገዥ ወፉን እየተዋሰ ያድንበት ነበር፤ መጨረሻም አል-የሕሹር ሞተ። ኡሳማ ሐማ በገባ ጊዜ ቁርኣን የሚቀሩ ሰዎችና ብዙ ሕዝብ ጀናዛ አጅበው ሲወጡ አየ። ማን ሞተ ብሎ ቢጠይቅ የገዥው ልጅ ናት አሉት። ሊከተል ሲነሣ ገዥው ራሱ ከለከለው። ቀብሩ ካበቃ በኋላ ገዥው ምሥጢሩን ነገረው፤ በሬሳ ሳጥን የተቀበረው አል-የሕሹር ነበር።

በእኛ አስተያየት ይህ ወሰን ያለፈ ነገር ነው። ለወፍ ጀናዛ የለውም፤ ቁርኣንም ለወፍ ቀብር አይቀራም። ቢሆንም ታሪኩን የጠቀስነው ለመንቀፍ ብለን አይደለም። ለአንድ አዳኝ ወፍ ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሙስሊም ማኅበረሰብ እንደነበረ አንባቢያችን እንዲያስታውስልን ነው።

ያ ክብር እስከ ዛሬም አልጠፋም። የአቡ ዳቢው ሸይኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪሞቱ ድረስ በጭልፊት አደን የታወቁ ነበሩ። አንድ ቀን በጠመንጃ አድነው ሲመለሱ በሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ 14 ሚዳቋ መግደላቸውን ቆጥረው እንደ ደነገጡና ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውን ትተው በጭልፊት ብቻ ለማደን እንደ ወሰኑ ራሳቸው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የዓለም ጭልፊት አዳኞችን አቡ ዳቢ ላይ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ እዚያው ለጭልፊት ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ተከፈተ። ዩኔስኮ በጭልፊት ማደንን የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመዘግብ 11 አገሮች ነበሩ ያቀረቡት፤ በ2021 ቁጥራቸው 24 ደረሰ።

ጥሩ ነው፤ አንቃወምም። አሁን ግን ወደ ሸሪዓው እንምጣ።

በሱረቱል ማኢዳህ አራተኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ስለሆነው ነገር ለሚጠይቁ መልስ ሲሰጥ፣ መልካም ነገሮችንና የሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የያዙትን ፈቅዷል። በአንቀጹ ውስጥ እንስሳውን የሚያሠለጥኑት ሰዎች «ሙከሊቢን» ተብለዋል። ይህ ቃል የወጣው «ከልብ» ከሚለው ነው። «ከልብ» በዐረብኛ ውሻ ማለት ነው፤ በግእዝም ያው ነው። ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ.) የመሰሉ ሙፈሲሮች ቃሉ የሠለጠነውን ጭልፊትና ሌላውንም አዳኝ ሁሉ ይጨምራል ብለዋል፤ ብዙኃኑ ዓሊሞችም በዚህ ሄደዋል። ከቀደምቶቹ መካከል ግን ወፍ የገደለውን አጥብቀው የተመለከቱ ነበሩ፤ በሕይወት ደርሳችሁ ካላረዳችሁት አትብሉ ያሉ አሉ። እንግዲህ አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ በፊቅሁ ውስጥ ጭልፊቱ የገባው በውሻው በር ነው።

ሐዲሡም እንዲሁ ነው። በልግስናው የታወቀው የሓቲም ልጅ ዐዲይ (ረ.ዐ.) ከሰለመ በኋላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ስለ አዳኝ ውሾቹ ጠየቀ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደ ዘገቡት ያገኘው መልስ ግልጽ ነበር፦ የሠለጠነ ውሻህን የአላህን ስም ጠርተህ ከላክኸው የያዘልህን ብላ፤ ከሥጋው ከበላ ግን ለራሱ ይዞት ይሆናልና ተወው፤ ሌሎች ውሾች ከተቀላቀሉም ስመ አላህ የጠራኸው በራስህ ላይ ብቻ ነውና አትብላ። ውሻ በቤት ማኖር አጅር እንደሚቀንስ የሚናገረው ሐዲሥም የአደን፣ የከብትና የእርሻ ውሻን ለይቶ አውጥቷቸዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ልጋግ ነጃሳ መሆኑን፣ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ እንደሚገባ በመድረሳ ተምረናል። ይሁንና ይኸው መዝሀብ በሠለጠነ ውሻ ማደንን አልከለከለም። ማጠብ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱን መናቅ ሌላ።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ.) እስልምናን በተቀበሉበት ቀን ከየት እየመጡ ነበር? ቀስታቸውን በትከሻቸው ይዘው ከአደን እየተመለሱ ነበር። ቁረይሾች መካከል ከሐምዛ የሚበልጥ ክቡር ፈልጉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህ፣ በሐርተሼክና በቶጎ ውጫሌ፣ ከድንበሩም ማዶ፣ በሶማሌ ወንድሞቻችን መካከል ከጥንት ጀምሮ በአደን፣ በቆዳና በጫማ ሥራ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። መዲባን ይባላሉ፤ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተደምረው ገቦዬ ይባላሉ። ገቦዬ በሶማሊኛ የፍላጻ ማኅደር ማለት ነው። ሌላ የስድብ ስምም አላቸው፤ እርሱን እዚህ አንጽፈውም። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላዕ ተነሥቶ የመረርን ሜዳ አቋርጦ ሐረር ሲገባ እነዚህን ባለ ቀስቶች አይቷቸዋል፤ ቀስታቸውን፣ ማኅደራቸውንና መርዛቸውን በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ቢዒድ የሚባለውን ሳላ በውሾች እያስከበቡ ያድኑ ነበር። ሳላ ቀንዱ እንደ ጦር ነው፤ ውሻ ሲከበው ግን መሮጡን ትቶ ሊወጋ ይቆማል። በቆመበት ጊዜ ቀስተኛው ይደርሳል። የሳላው ቆዳ ደግሞ ጋሻ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የጎሳው ጦረኛ ፎክሮ የሚወጣበት ጋሻ የዚህ የተናቀ ሰው ድካም ነበረበት።

ስለ መርዙም አንድ ነገር እንጨምር፤ ለተማሪዎቻችን ይጠቅማል። ዛፉ በሶማሊኛ ዋባዮ፣ በአማርኛ መረንዝ ይባላል። እንጨቱንና ሥሩን ቀቅለው ቀቅለው እንደ ሬንጅ ጥቁርና ወፍራም እስኪሆን ያፈሉታል። ከደም ጋር ሲገናኝ ልብን ያቆማል። አርኖ የሚባል የፈረንሣይ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1888 ከዚህ ዛፍ ዋናውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ስሙንም ከሶማሊኛው ወስዶ ዋባይን አለው። በልኩ ሲሰጥ ለደከመ ልብ መድኃኒት ሆኖ በአንዳንድ አገሮች ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። የዴንማርኩ ሳይንቲስት የንስ ስኩ በሕዋሳችን ሽፋን ላይ ሶድየምን እያወጣ ፖታስየምን የሚያስገባውን ፓምፕ ሲያጠና የተረዳው በዚሁ በዋባይን ነው፤ ለሥራው እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በዚህ ክልል ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ሁሉ ያን ፓምፕ ይማራል። ቃሉ ከየማን አፍ እንደ ወጣ ግን ማንም አይነግረውም። (በመርዝ ፍላጻ የሞተ እንስሳ ሥጋ ላይ ፉቀሃዎች ብዙ ተናግረዋል፤ በሕይወት ተደርሶበት የታረደው ላይ ግን ችግሩ ይቀላል።)

አንድ ወዳጅ ነበሩን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ስማቸውንም ከተማቸውንም አንጠራም፤ ቤተሰባቸው አለና። እኛ «አዴር» እንላቸው ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ «መዓሊን» ይሉናል። በእርጅናቸው ጫማ እየሰፉ ነበር የሚኖሩት፤ በልጅነታቸው ግን ከአባታቸው ጋር ውሾች ተከትለው ሜዳ ለሜዳ ዞረዋል። ከዐስር በኋላ አጠገባቸው ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠን ስንጠይቃቸው ዓይናቸው ከመርፌው ሳይነሣ ይመልሱልናል።

ቡችላ እንዴት ይሠለጥናል አልናቸው። ቡችላን የሚያሠለጥነው ሰው ሳይሆን ትልቁ ውሻ ነው አሉን፤ የሰው ሥራ ቡችላው እንዳይቸኩል መያዝ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እያየ ይከተላል። ከሰጋሮ ጀምሮ ይለምዳል፤ ሳላ ላይ በችኮላ የተለቀቀ ቡችላ በቀንዱ ይሞታል። በዱላ የተመታ ውሻ ደግሞ የያዘውን ይዞ ይሸሻል እንጂ አያመጣም። ይህን ሲነግሩን ስለ ጭልፊት አንዳች ነገር አያውቁም ነበር።

አንድ ቀን የዐዲይን ሐዲሥ አነበብንላቸው፤ በሶማሊኛ እየተረጎምን። ውሻው ከበላ አትብላ የሚለው ላይ ስንደርስ መርፌውን አስቀመጡ። አባቴ ውሻ የጎረሰበትን ሥጋ አይነካም ነበር አሉን፤ ስንራብ እንኳ ለውሾቹ ይተውላቸዋል። ከየት እንደ ሰማው አላውቅም፤ ማንበብ አይችልም፤ መድረሳም ከልጆች ጋር ተቀምጦ ለመቅራት አላስጠጉትም። ቢስሚላህ ሳይል ግን ውሻ ለቆ አያውቅም። ከዚያ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «መዓሊን፣ ያ ሰውዬ የጠየቀው አባቴ ሊጠይቅ ይፈልግ የነበረውን ነው። እርሱ የሚጠይቀው አገኘ» አሉን።

ጫማቸው ጠንካራ ነበር። ጁሙዓ ቀን በመስጊዱ በር ላይ ከተደረደረው ጫማ መካከል የእርሳቸውን ስፌት እናውቀው ነበር። የአብዛኛዎቹ ባለቤቶች ግን ሴት ልጃቸውን ለእርሳቸው ልጅ የሚሰጡ ወይም ከእርሳቸው ቤት የሚያገቡ ሰዎች አልነበሩም።

ይህ ንቀት ከየት መጣ ሲባል በየቦታው በተለያየ መልኩ የሚተረት ታሪክ አለ። ጽንሰ ነገሩ ይህ ነው፦ በድርቅ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በረኀብ ሊያልቁ ሲሉ የሞተ እንስሳ ሥጋ በሉ፤ በኋላ አንዱ አስታወከው፣ ሌላው በሆዱ አስቀረው፤ የተናቁት ቤተሰቦች የሁለተኛው ዘር ናቸው። ይህን ተረት ለታሪክነቱ የሚያምኑት ብዙዎች ናቸው። እኛ እንደ ታሪክ አንቀበለውም። ለክርክሩ ያህል እውነት ነው ብንል እንኳ ምን ይከተላል?

ቁርኣኑን እንደ ገና እንክፈት። ስለ አዳኝ እንስሳት የሚናገረው የሱረቱል ማኢዳህ አራተኛው አንቀጽ ነው አልን። ከእርሱ በፊት ያለው ሦስተኛው አንቀጽ ምን ይላል? በክትን፣ ደምንና የአሳማ ሥጋን ሐራም ያደርጋል፤ ሃይማኖቱ ዛሬ ተሟላላችሁ የሚለውም ታላቅ ብሥራት በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ነው፤ በዐረፋ ቀን፣ በሐጀቱል ወዳዕ የወረደ ነው። የዚህ አንቀጽ መደምደሚያ በብርቱ ረኀብ ተገድዶ፣ ኃጢአት ሳይፈልግ ከበላ ሰው ላይ አላህ መሓሪና አዛኝ መሆኑን ያውጃል። እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚቀርቡት ሁለት ክሶች፣ በረኀብ በክት በልተዋልና በውሻ ያድናሉ የሚሉት፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት አንቀጾች መልስ አግኝተዋል። ሁለቱንም አንቀጾች ልጆቻችን በየመድረሳው በቃል ይይዟቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነገሩ በኪታብ ተጠቅልሎ ይመጣል። ቀደም ሲል ያስተማርነው አንድ ወጣት በቅርቡ መጣና ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዲት ልጅ ለማግባት እንዳሰበ ነገረን። በዲኗም በትምህርቷም በፀባይዋም የሚያውቋት ሁሉ ያመሰግኗታል። የልጁ አጎቶች ግን እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ከፋኣ አልተሟላም» አሉ። ከፋኣ በፊቅህ የተጋቢዎች አቻነት ነው። ወጣቱ «መዓሊን፣ ይህ ዲን ነው ወይስ ባህል?» አለን።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ሙያ በከፋኣ ውስጥ እንደሚቆጠር በሻፊዒይ ኪታቦች በእውነት ተጽፏልና። የለም ብለን ብንሸሽ አጎቶቹ ገልጠው ያሳዩናል። ስለዚህ እኛው አስቀድመን ኪታቡን ገለጥን። በመጀመሪያ፣ ከፋኣ የሚታየው በወንዱ በኩል ነው፤ የሴቲቱና የወሊይዋ መብት ነው። እነርሱ ከወደዱ ይቀራል። እዚህ የምታገባው ልጅ ከተናቀው ቤት ናት፤ ጠያቂው ወንድ ከተከበረው ቤት ነው። ስለዚህ የአጎቶቹ ከፋኣ ለዚህ ጋብቻ የማይመለከት ነገር ነው፤ ጠያቂዎቹ ሊሆኑ የሚችሉ ቢኖሩ የልጅቷ ወገኖች ነበሩ።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያስገርማል። በአገራችን መድረሳዎች ከሚቀሩት ሁሉ የታወቀው የኢማም ነወዊይ «ሚንሃጅ» ነው። ስለ ሙያ ሲናገር ከልብስ ሰፊ ሴት ልጅ ጋር አቻ የማይሆኑትን ይቆጥራል፤ ጠራጊ አለ፣ ዋግምት ነቃይ አለ፣ ዘበኛ አለ። አዳኝ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጫማ ሰፊም አልተጠቀሰም። እረኛ ግን አለ! የግመል ባለቤት የሆነው የአጎቶቹ ወገን ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ እረኛ ነው። ኪታቡን በወገኖቻችን ላይ ለማንሣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ራሱን እንዲያይበት ይገባዋል። ኢማሙ የጻፉት በሻም ከተሞች ልማድ ዘመናቸውን እያዩ ነው፤ በእኛ ሜዳ ላይ ዘርን ከዘር ለዘላለም ለመለየት ብለው አይደለም። ኢማም ማሊክማ የከፋኣው ዋና ነገር ዲን ነው ብለዋል።

አቡ ዳዉድ የዘገቡት አንድ ሐዲሥም አለ። አቡ ሂንድ የሚባል ዋግምት ነቃይ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋግምት ነቀለ። እርሳቸውም በኒ በያዳ የተባሉትን ጎሳ ለአቡ ሂንድ ዳሩለት፣ ከእርሱም ተጋቡ ብለው አዘዙ። ዋግምት ነቃይ በኋላ ፉቀሃዎች ዝቅ ብለው ከቆጠሯቸው ሙያዎች አንዱ ነው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ሙያውን ተመልክተው አልዘለሉትም፤ በሁለቱም በኩል፣ ስጡትም ውሰዱም አሉ።

ስለ ዛሬው አደን አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። ውሻና ቀስት ይዞ ሳላ ፍለጋ የሚወጣ ዛሬ ብዙም የለም፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም በሕግ ክልክል ነው። ሳላው ራሱ ከጅግጅጋ ሜዳ ርቋል። በዚሁ አካባቢ ግን የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ነጥቀው፣ በመኪና ደብቀው፣ በሶማሊላንድ በኩል ባሕር የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ። የአቦሸማኔ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። ብዙዎቹ ግልገሎች በመንገድ ላይ ይሞታሉ፤ የተያዙት ጥቂቶቹ ሶማሊላንድ ውስጥ ባለው መጠለያ ይታያሉ። ይህ አደን አይደለም፤ ሥልጠናም ቢስሚላህም የለበትም። ይህን የሚሠራ ሰው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ግን ዘሩን ጠይቆ ልጁን የከለከለው አባት እስካሁን አልሰማንም።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ ከነገርነው በኋላ ከሁለት ሸይኾች ጋር ሆነን ወደ አጎቶቹ ሄድን። ኪታቡ በመካከላችን ተከፍቶ፣ ሻይ ቀርቦ እስከ መግሪብ ተነጋገርን። ታላቅየው አጎት የሚንሃጁን ገጽ ጣታቸውን አስቀምጠው ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ስለ እረኛው ያለው ላይ ሲደርሱ ሳቁ። መልካም ሰው ናቸው። ከዚያም፣ «ኪታቡ እውነት ነው፤ እኔም ልጅቷን አልጠላሁም። ነገር ግን ሰው ምን ይላል? እኅቶቿን ነገ ማን ያገባቸዋል ሲሉ የእኔ ልጆችም አብረው ይጠራሉ» አሉን።

ለዚህ ከኪታብ የምናነብላቸው አልነበረንም። ዐይነ ውኃቸውን ስናየው የፈሩት አላህን ሳይሆን ጎረቤትን እንደሆነ ራሳቸውም ያውቁታል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንደሚነጋገርበት ነግረውን ተለያየን። የልጅቷ አባት በበኩላቸው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባቸው ሦስቱንም ጊዜ «የምቸኩልበት ነገር የለም» ብለዋል። ይህን ስንጽፍ የአጎቶቹ መልስ ገና አልመጣም። ወጣቱ በየጁሙዓው ይጠይቀናል።

ስለ ከፋኣ ያላችሁን ጥያቄ፣ በተለይ በየአካባቢያችሁ ከጋብቻ የሚገለሉ ቤተሰቦች ካሉ የምታውቁትን፣ ስም ሳትጠሩ ጻፉልን። በሚመጣው ወር ከደብዳቤዎቻችሁ ተነሥተን እንቀጥላለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።